ጋሉምና ስለሚባለው የዐፈር ማይት፤ ስለ ወገኑ፣ ስለ አካሉና በበጎች ጤና ላይ ስላለው ነገር

በየዞኑና በየወረዳው የእርሻንና የከብትን ነገር ለምትጠብቁ ሹማምንት፤

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋውን ሰፊውን የጨፋን ሜዳ ያያል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ ይህ ረግረጋማ ሜዳ ለምለም ሆኖ ስለሚቈይ፣ የአካባቢው የኦሮሞና የአርጎባ ገበሬዎች፣ ከቈላውም የአፋር አርብቶ አደሮች መንጋቸውን እየነዱ ይሰበሰቡበታል። ለጨፋ ሮቢትና ለዙሪያዋ ሕዝብ ይህ ሜዳ ታላቅ ሀብት ነው።

እንዲህ ባለ እርጥብ መስክ የሚግጡ ግልገሎች ግን አንዳንድ ጊዜ ሣሩ ሞልቶላቸው ሳለ ይከሳሉ፤ ሆዳቸው ይነፋል፤ ጠጉራቸው ይንጨባረራል፤ በበጠጣቸውም ላይ የተቀቀለ ሩዝ የሚመስል ነጭ ነገር ይታያል። ባለቤቶቹ ወደ ሹሙ በመጡ ጊዜ ሦስት ዓይነት ቃል ሊሰማ ይችላል። አንዱ «መሬቱ ተበላሽቷል» ይላል፤ ሁለተኛው «የእንግዳ መንጋ ያመጣብን በሽታ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «በመስኩ ላይ መድኃኒት ይረጭልን» ብሎ ይለምናል። ሹሙ የነገሩን ሥር ያላወቀ እንደ ሆነ ከሦስቱ በአንዱ መሳቱ አይቀርም። የመጀመሪያውን ቢያምን መልካሙን መስክ ያስተዋል፤ ሁለተኛውን ቢያምን በአንድ ሜዳ የሚግጡትን ሰዎች ያጣላል፤ ሦስተኛውን ቢያምን ገንዘብ ያባክናል፣ ዐፈሩንም ይጐዳል።

የነገሩ ሥር ያለው ከሣሩ በታች፣ በዐፈር ውስጥ፣ ዓይን በጭንቅ በሚያየው ጋሉምና በሚባል ፍጥረት ዘንድ ነው። ስለዚህ ይህ ፍጥረት ከማን ወገን እንደ ሆነ፣ አካሉ እንዴት እንደ ተሠራ፣ በበጎችም ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአካሉ አሠራር ጋራ እንዴት እንደ ተያያዘ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

ወገኑ ከማን እንደ ሆነ

ጋሉምና ትል አይደለም፤ እንደ ጉንዳንና እንደ ዝንብ ያለ ባለ ስድስት እግር ነፍሳትም አይደለም። ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገር ከሚቈጠሩበት ከባለ ስምንት እግሮች ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ሰውነታቸው እንደ ሸረሪት በቀጭን ወገብ ያልተከፈለ፣ አንድ ወጥ የሆነ ብዙ ትንንሽ ፍጥረቶች አሉ። ሊቃውንት እነዚህን በአንድነት «አካሪ» ብለው ይጠሯቸዋል። መዥገር፣ ፈረንጆችም «ማይት» የሚሏቸው ደቂቅ ፍጥረቶች ሁሉ ከነዚህ ናቸው።

አካሪ በሁለት ታላላቅ ነገዶች ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ነገድ መዥገርና ዘመዶቹ ይገኛሉ። በሁለተኛው ነገድ በበግና በፍየል ቆዳ ላይ እከክ የሚያመጡት ማይቶችና ብዙዎቹ የዐፈር ማይቶች አሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ጋሉምና በሥጋ ዝምድና ለመዥገር ሩቅ፣ ለእከክ ማይት ግን ቅርብ ነው። በኑሮው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ደም አይመጥም፣ ቆዳም አይቈፍርም።

በሁለተኛው ነገድ ውስጥ ያለው «ኦሪባቲዳ» የሚባለው ረድፍ ከ10,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ በዐፈር፣ በረገፈ ቅጠልና በሽበት ውስጥ የሚኖሩ፣ ሲያድጉም እንደ ጥንዚዛ ጠንካራ ልብስ የሚለብሱ ናቸው። ከዚህ ረድፍ ቤተ ሰቦች አንዱ «ጋሉምኒዴ» ይባላል፤ በዚህም ቤተ ሰብ ውስጥ ስሙን የሰጠው ወገን ጋሉምና ነው። ይህን ስም ያወጣለት ፎን ሃይደን የሚባል የጀርመን ሊቅ ሲሆን፣ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር 1826 ነበር። ለወገኑ ምሳሌ ሆኖ የተመረጠው ዝርያ «ጋሉምና አላታ» ይባላል፤ «አላታ» በላቲን ቋንቋ ባለ ክንፍ ማለት ነው። የስሙን ምክንያት ስለ አካሉ ስንናገር እንገልጻለን። ወገኑ በብዙ የዓለም ክፍል የተሠራጨ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2010 ወዲህም የሩስያው ሊቅ ሰርጌ ኤርሚሎቭ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ ከኢትዮጵያ ዐፈር የተገኙ የዚህን ረድፍና የዚህን ቤተ ሰብ ዝርያዎች በጽሑፍ ገልጿል።

ወገንን ለይቶ ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም ከንቱ ድካም እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ እንጨምር። በዚሁ በጋሉምኒዴ ቤተ ሰብ ውስጥ ኦርቶጋሉምና የሚባል ሌላ ወገን አለ። ከዚህ ወገን አንዱ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ዝርያ፣ የእንቦጭን ቅጠል እየቦረቦረ ይበላል። እንቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የምናውቅ ሁሉ ነገሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም እንረዳለን፤ በአፍሪካም በዛምቢያና በደቡብ አፍሪካ ይህ ፍጥረት እንቦጭን እንዲያጠፋ ተብሎ በውሃ ላይ ተለቋል። እንግዲህ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አንዱ የአረም ጠላት፣ ሌላው የበግ ትል ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ስማቸውን ያልለየ ሰው ሥራቸውን ሊለይ አይችልም።

አካሉ እንዴት እንደ ተሠራ

የጋሉምና ርዝመት ብዙ ጊዜ የሚሊሜትር እኩሌታ ያህል ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። መልኩ እንደ ተቈላ ቡና የጠቈረ፣ የሚያብለጨልጭና ክብ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት እንደ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ነጥቡም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዝርዝሩን ለማየት ግን ማይክሮስኮፕ ያሻል።

ሰውነቱ በሁለት ጋሻ የተሸፈነ ነው። የፊተኛው ጋሻ ትንሽ ሆኖ አፉንና የፊት እግሮቹን ይከልላል። የኋለኛው ጋሻ ሰፊና ጕብጕብ ሆኖ ጀርባውን ሁሉ ይሸፍናል። በፊተኛው ጋሻ ላይ ግራና ቀኝ ከሁለት ትንንሽ ጕድጓዶች የሚወጡ ሁለት ረዣዥም ጠጉሮች አሉ። እነዚህ የነፋስን ንቅናቄና መንቀጥቀጥን የሚያስታውቁ ናቸው። ጋሉምና ዓይን የለውምና በጠጉሮቹ የሚደርሰው ስሜት መንገዱን ይመራዋል። በጀርባው ጋሻ ላይ ደግሞ ወንፊት የሚመስሉ፣ ፈሳሽ የሚያወጡ ትንንሽ ቦታዎች አሉ፤ ሊቃውንት ዝርያን ከዝርያ የሚለዩት በነዚህ ቅርጽና ቍጥር ነው።

ወገኑን ከሌሎች የዐፈር ማይቶች ለመለየት ዋናው ምልክት ግን ከጀርባው ጋሻ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት ሁለት ሰፋፊ ጆሮ መሰል ጋሻዎች ናቸው። «ባለ ክንፍ» የተባለውም ስለነዚህ ነው። ይሁን እንጂ ክንፍ አይደሉም፤ ጋሉምና አይበርም። እንደ በር በማጠፊያ ላይ የተያያዙ ስለ ሆኑ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉም። ጠላት በመጣ ጊዜ ወይም ድርቅ በጠና ጊዜ ጋሉምና እግሮቹን ሰብስቦ እነዚህን ጋሻዎች ይዘጋና እንደ ዘር ፍሬ ድብልብል ይሆናል። ሽሎሪባቴስ የሚባለው ሌላው የዐፈር ማይት እንዲሁ ጆሮ መሰል ጋሻ አለው፤ የርሱ ግን ትንሽና የማይታጠፍ ነው። ሁለቱን የሚለየው ይህ ነው።

እግሮቹ ስምንት ናቸው፤ በየእግሩም ጫፍ ሦስት ሦስት ጥፍር አለው። በሆዱ በኩል ሁለት ጥንድ መዝጊያዎች ይታያሉ፤ የፊተኞቹ የመራቢያውን ደጅ፣ የኋለኞቹ የዐይነ ምድሩን ደጅ የሚዘጉ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው አፉን ነው። ሸረሪትና መዥገር የሚመገቡት ፈሳሽ ነው፤ ሸረሪት ያደነውን አሟሙቶ ይመጠዋል፣ መዥገርም ደም ይጠጣል። ጋሉምና ግን ጥርስ ያላቸው እንደ ጕጠት ያሉ ሁለት መቆንጠጫዎች አሉት፤ ደረቅ ምግብንም ቈርሶ ያኝካል። የበሰበሰ ቅጠልን፣ ሻጋታንና በዐፈር ውስጥ ያገኘውን ቅንጣት ሁሉ በነዚህ ይሰብራል። በዚህ ሥራው ቅጠሉን አድቅቆ ወደ ለም ዐፈር እንዲለወጥ ይረዳል፤ ስለዚህ ለገበሬው ወዳጅ ነው። ነገር ግን ያው ቅጠል የሚሰብረው አፍ የትልንም እንቍላል ይሰብራል። የበጎቹ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አወላለዱና ዕድገቱ

ጋሉምና እንቍላሉን በዐፈር ውስጥ ይጥላል። ከእንቍላሉ የሚወጣው እጭ ስድስት እግር ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ ቆዳውን እየለወጠ ሦስት የዕድገት ደረጃዎችን በስምንት እግር ያልፋል፤ በመጨረሻም ሙሉ አካል ይሆናል። በልጅነቱ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው፤ ጋሻውን የሚለብሰው ካደገ በኋላ ነው። ዕድገቱ ቀርፋፋ፣ ዕድሜው ግን እንዲህ ላለ ትንሽ ፍጥረት ረዥም ነው፤ ከዚህ ረድፍ ከአንድ ዓመት በላይ የሚኖሩ አሉ። ስለዚህ መስክን ለጥቂት ሳምንት ከመንጋ ከልክሎ ማሳረፍ ብቻውን ከትሉ አያነጻውም።

ከበጎች ትል ጋራ ያለው ግንኙነት

በግልገሉ በጠጥ ላይ የሚታየው ሩዝ መሳይ ነገር ሞኒዬዚያ የሚባል ጥብጣብ መሰል ትል ቍራጭ ነው። ትሉ በበግና በፍየል አንጀት ውስጥ እስከ ስድስት ሜትር ሊረዝም ይችላል። በየጊዜው ከጭራው የሚለየው ቍራጭ በእንቍላል የተሞላ ሆኖ ከበጠጡ ጋራ ይወጣል።

ይህ እንቍላል በቀጥታ ወደ ሌላ በግ ቢገባ አይፈለፈልም። ሊቃውንት ብዙ ዘመን እንቍላሉን ለበጎች እያበሉ መረመሩ፤ በጎቹ ግን ትል አልያዛቸውም። መንገዱን ያገኘው ሆራስ ስታንካርድ የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ነው። እርሱም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. የትሉ እንቍላል በጋሉምና ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚያድግ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሊቃውንት ሽሎሪባቴስን የመሰሉ ሌሎች የዐፈር ማይቶችም ይህንኑ ሥራ እንደሚሠሩ አግኝተዋል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጋሉምና በበጠጡ አጠገብ ሲመገብ የትሉን እንቍላል ይሰብርና ውስጡን ይውጣል። ከእንቍላሉ የወጣው ፅንስ በማይቱ ሰውነት ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ አራት ወር ያህል ቈይቶ ጥቃቅን እንቡጥ የሚመስል እጭ ይሆናል። ማይቱ እርጥበት በበዛበትና ፀሐይ ባልበረታበት ሰዓት፣ ይኸውም በተለይ በማለዳና በምሽት፣ ከዐፈር ወጥቶ በሣሩ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ተመልሶ ይወርዳል። ግልገሉ ሣሩን ሲግጥ ማይቱን አብሮ ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ በአምስት ወይም በስድስት ሳምንት ትሉ አድጎ ቍራጩን መጣል ይጀምራል።

የላሞችና የጥጆች ትል በአብዛኛው ከዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ ነው፤ የሚተላለፈውም በዚሁ መንገድ ነው። የሰው የኮሶ ትል ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ኮሶ ሰውን የሚይዘው ጥሬ የከብት ሥጋ ሲበላ ነው፤ ሞኒዬዚያ ግን በበጉ አንጀት እንጂ በሥጋው ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ «ይህ በግ የኮሶ ትል አለበት» እየተባለ በገበያ ዋጋው እንዳይወድቅ ሹማምንት ለሕዝቡ ማስረዳት ይገባቸዋል።

ከላይ ለተናገርናቸው ሦስት ቃላት መልሱ እንግዲህ ተገኘ። መሬቱ አልተበላሸም፤ ማይቱ የሚበዛው መሬቱ እርጥብና ለም ስለ ሆነ ነው። እንግዳውም ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ እንቍላሉ በያንዳንዱ መንጋ በጠጥ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ ማይቱም ሁልጊዜ በዐፈሩ ውስጥ አለ። መድኃኒት መርጨቱም አይረባም፤ በአንድ ካሬ ሜትር መስክ ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ የዐፈር ማይቶች ሊኖሩ ይችላሉና፣ መዥገር የሚገድለውን ዳያዚኖንን የመሰለ መድኃኒት በሜዳ ላይ ቢያፈሱት ለም ዐፈር የሚሠሩትን ፍጥረቶች ይገድላል፣ ወደ ቦርከናም ውሃ ይወርዳል።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ፤ ትሉን ከሌላው በሽታ መለየት ያስፈልጋል። ሞኒዬዚያ ዓይን የሚያየው ስለ ሆነ የከሳ ግልገል ሁሉ በርሱ ምክንያት የከሳ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ትሉ በጥቂቱ ሲሆን ግልገሉን እምብዛም አይጐዳውም፤ የሚጐዳው ሲበዛና አንጀት ሲዘጋ ነው። የዐይኑ ቆብ ውስጥ የነጣ እንደ ሆነ ደም የሚመጡ የጨጓራ ትሎች ወይም የጉበት ትል ሊሆን ይችላል። የጉበት ትል የሚመጣው በማይት ሳይሆን በረግረግ ውሃ ባለው ቀንድ አውጣ በኩል ነው፤ በጨፋ ባለው ዓይነት ረግረግም ሊጠረጠር ይገባል። ስለዚህ በጠጡን ወደ እንስሳት ሐኪም ልኮ ማስመርመር ከሁሉ ይቅደም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የበጉ ሞኒዬዚያ እንቍላል ሦስት ማዕዘን፣ የላሙ ደግሞ አራት ማዕዘን ይመስላል።

2ኛ፤ መድኃኒቱ ለትሉ የሚስማማ ይሁን። በየገበያው በመርፌ የሚሰጠው ኢቨርመክቲን ለእከክና ለብዙ ክብ ትሎች ይረዳል፤ ጥብጣብ መሰሉን ትል ግን አይገድልም። ገበሬው ለርሱ ገንዘቡን ከፍሎ ትሉን እዚያው ሲያየው ሕክምናን ሁሉ ይጠራጠራል። ለዚህ ትል የሚረዱት አልቤንዳዞል፣ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ናቸው። መጠኑም በግልገሉ ክብደት፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሁን። አልቤንዳዞል ገና በፀነሰች በግ ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና ጥንቃቄ ይደረግ።

3ኛ፤ በቅድሚያ የሚታሰበው ለግልገሎች ነው። በትሉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያዙት ከስድስት ወር በታች ያሉት ናቸው፤ ያደጉት ሰውነታቸው ለምዶ ይቋቋሙታል። የመድኃኒቱ ገንዘብ ያነሰ እንደ ሆነ ግልገሎቹ ይቅደሙ።

4ኛ፤ ግልገሎች ጤዛ ሳይረግፍ ወደ ረግረጉ አይነዱ። ፀሐይ ሣሩን ካደረቀው በኋላ ማይቱ ወደ ዐፈር ስለሚወርድ የሚዋጠው ያንሳል። የማሽላና የጤፍ ሰብል የተነሣበት፣ በየዓመቱ የሚታረስ ማሳ ከሜዳው ይልቅ የማይት ቍጥር ስለሚያንስበት፣ መድኃኒት የወሰዱ ግልገሎች ጥቂት ሳምንት በቃርሚያው ላይ ቢሰማሩ መልካም ነው።

5ኛ፤ ምክሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይነገር። አንዱ መንጋ ታክሞ ሌላው ሳይታከም ቢቀር በአንድ ሜዳ ላይ የተደረገው ድካም ይባክናል። ስለዚህ በበጋ መንጋ በሚሰበሰብበት ወራት የነዋሪውም የእንግዳውም ሽማግሌዎች በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ይስሙ።

ማይቱን ለማየት

ነገሩን ለሕዝብ ለማስረዳት ማይቱን በዓይን ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የኢጣልያ ሊቅ አንቶንዮ በርሌዜ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ያወጣው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ማንቈርቈሪያ ቅል ወይም የቈርቈሮ ማጥለያ ይወሰዳል፤ በላዩ ወንፊት ይደረጋል፤ በወንፊቱ ላይ ከነሣሩ ሥር የተነሣ እርጥብ ዐፈር ይቀመጣል። ከላይ አምፖል ይበራል፤ ከታች አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ይደረጋል። ዐፈሩ ከላይ እየሞቀና እየደረቀ ሲሄድ በውስጡ ያሉት ፍጥረቶች እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዱና በብልቃጡ ውስጥ ይወድቃሉ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ በማጉያ መነጽር ቢመለከቱ ጥቋቍሮቹን፣ ክቦቹንና የሚያብለጨልጩትን ይለያሉ፤ ጆሮ መሰል ጋሻ ያላቸውም ይገኙባቸዋል።

ይህን ያየ ገበሬ ለግልገሉ ክሳት የጎረቤቱን መንጋ ከመክሰሱ በፊት ወደ ገዛ በጠጡና ወደ ገዛ ዐፈሩ ይመለከታል። ከጤፍ ፍሬ የሚያንሰውን ፍጥረት ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ በአንድ ሜዳ ለሚኖሩ ሰዎች ሰላምን፣ ጥቂት በግ ላለው ደሃም ግልገሉን ይጠብቅለታል።